ቅቤ የነፈግሁት ጋሪ

እኔን ብሎ አስታራቂ! ከባሌ ጋር በወጥ ጨው ተኳርፌ ሦስት ቀን ሙሉ በድመቷ በኩል የምነጋገር ሴት፣ «አንቺ ድመት፣ ለዚያ ሰውዬ እራቱ ቀርቧል በይው» የምል ሴት፣ አገር ላስታርቅ ብዬ በጋሪ ወጣሁላችሁ። የኔ ዶሮ ከጎረቤት ዶሮ ጋር ብትጣላ እንኳ ሳላይ ለዶሮዬ የምመሰክር ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁ፣ ዳዊት አልደገምሁ። ያለኝ አፍ ብቻ ነው። እሱንም እግዜር ሲሰጠኝ ቸኩሎ መክደኛውን ረሳው።

ምን አገባሽ በሉኝ። በሉኝ እንጂ! እኔም ራሴን ስል ነው የኖርሁ።

ነገሩ የመጣው በአዛለች ነው። አዛለች ጎረቤቴ ናት፤ የሷ በርና የኔ በር እየተያዩ ነው ያረጁት። አንድ ልጅ ነበራት፣ ሙላት የሚሉት። ሙላት በወሰን ነገር ፈንታ ከሚባል የማዶ ሰው ጋር ተጣላና በሽመል መታው። ለመግደል አልነበረም፤ ዱላ ግን ሐሳብ አይጠይቅም። ፈንታ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሙላትም ያን ዕለት ቆላ ወረደ፣ ዓባይ በረሃ ገባ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ወሬው እንጂ መልኩ አልታየም።

ፈንታ አንድ ወንድም አለው። ስሙ ማን መሰላችሁ? ደመላሽ! እናቱ ስታወጣለት ምን እንዳየች እንጃ። ከእኛ ቀዬ ወዲያ፣ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ገመገሙን ተሻግሮ ይኖራል። መልካም ሰው ነው፤ ግን ስሙን ተሸክሞ ነው የሚሄድ። ገበያ ውስጥ አንድ ሰው «ደመላሽ!» ብሎ ሲጣራው እንኳ ፊቱ ይጨልማል። በየቀኑ በስሙ የሚወቀስ ሰው አስቡት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የአዛለች ዓይን መሄድ ጀመረ። ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ ጠፋት፣ ቀጥሎ ጫጩቶቿ፣ ቀጥሎ እኔ። «እገሊት ነሽ?» ትለኛለች በሬ ላይ ቆሜ። «አዎ» ስላት «ድምፅሽ እንጂ መልክሽማ ድሮም አያምርም» ትለኛለች። እንዲህ ናት። ግን ብቻዋን ስትሆን ትለው የነበረው ሌላ ነው፤ በግድግዳው ሰምቻታለሁ። «እግዚኦ፣ ሳልታወር አንድ ጊዜ ልየው። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ውሰደው ዓይኑን፣ ምን ያደርግልኛል።»

ሽማግሎች ዝም ብለው አልነበሩም። የንስሐ አባታችን አባ ገብሬ ዓመት ሙሉ ገመገሙን ሲወጡ ሲወርዱ ጫማቸው አለቀ። በመጨረሻም ደመላሽ ልቡ ለስለስ ብሎ፣ «እስከ ሰኔ ሚካኤል ጊዜ ስጡኝ፣ ልቤን ልጠይቀው» አለ። ይህን ሲነግሩን አዛለች እጇን ወደ ዓይኗ አነሳች። «ሰኔ?» አለች። «ይኼ ዓይን ሰኔ ይደርሳል?» አባ ገብሬም «ልጄ፣ የሚበስል ነገር ሲነካካ ይቀራል፣ ዝም በሉ» አሉን።

ዝም በሉ! ለኔ!

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በነበረው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አባ ገብሬ ቆመው ሲያስተምሩ፣ «የተጣላችሁ ታረቁ፣ በአንድ አፍ ሆናችሁ ለሰላም ዘምሩ» አሉ። ሌላው ሰው የሰማውን ይስማ፤ እኔ የሰማሁት ስሜን ነው። በዚያ አገር ዘፈን አውጪ ማለት እኔ ነበርኋ! ሰርግ ሲኖር ከሙሽራዋ ቀድሞ የሚጠራው የኔ ስም ነው። እኔ አወጣለሁ፣ አገር ይቀበላል። ታዲያ አሰብሁ፦ ያገሩ ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ተቀባይ ቢሆን እንዴት ይጣላል? አፉ በዘፈን የተያዘ ሰው በምን ይሳደባል? እኛ ቀዬ ላይ ጀምረን፣ በየመንደሩ እያዘፈንን፣ ሰውን እያስከተልን፣ ደመላሽ ደጅ ስንደርስ ገመገሙ ሁሉ ሲቀበል ደመላሽ ምን ይሆናል? ይቀበላል! አበቃ። ሰኔ ምን ያደርጋል?

ችግሩ አዛለች ናት። ድንጋዩን አይታ መራመድ አትችልም። በበቅሎ እንዳናወጣት፣ የገዳይ እናት በበቅሎ ተቀምጣ የሟች ደጅ ልትሄድ ነው ወይ? ይቅርታ የሚለምን በእግሩ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄድ። በበቅሎ የሄደ ለሌላ ጠብ ነው የሄደ።

እዚህ ላይ ባሌ ገባ። አያሌው ይባላል። ደብረ ታቦር ለርስት ክርክር ሦስት ዓመት ተመላልሶ፣ ርስቱን ተረትቶ፣ ጋሪ አይቶ የመጣ ሰው ነው። «እንዲህ የሚሽከረከር፣ እንዲህ የሚንከባለል» እያለ እኛን በወሬ ሲያንከባልለን ኖሯል። አሁን ነገሩን ሳነሳለት ከመደቡ ተነሳ።

«ጋሪ በቅሎ አይደለም፣» አለ። «ጋሪ ላይ የተቀመጠ ሰው እንደ ጭነት ነው። ጭነት ደግሞ ክብር የለውም።»

ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነት ተናገረ። ዋንዛ ቆርጦ ሁለት እግር ሠራለት፣ ከወይራ ወጋግራ ዘንግ አበጀለት። አንደኛው እግር ከሌላው አንድ ስንዝር ይበልጣል፤ ጋሪው ገና ከመወለዱ አነከሰ። ያገሩ ሰው ለጀግና የፈረስ ስም እንደሚያወጣ ለባሌም «አባ ጋሪ» አወጣለት። እሱ ደስ አለው መሰላችሁ! እየጠሩት እንደሚስቁበት የገባው ባመቱ ነው።

ጋሪውን ስንሞክረው ጮኸ። ጮኸ ስላችሁ ዝም ብሎ ሲጥ ማለት አይምሰላችሁ፤ ጣር ነው። አያሌው «ዘንጉ ቅቤ ይፈልጋል» አለኝ። አንድ ቅል ቅቤ ነበረችኝ። እሺ አልሁት። ግን ጧት ስነሳ፣ እኔ በሰው ፊት ቆሜ ላዘፍን፣ አገር ሊያየኝ፣ ጠጉሬ ደረቅ ሆኖ ተነስቷል። ትንሽ ነካ አደረግሁ። ትንሽ ጨመርሁ። ቅሉን ስገለብጠው ባዶ ነው።

«ቅቤውስ?» አለ አያሌው።

«አይጥ በላው።»

አናቴን አየው። ከግንባሬ ወደ ቅንድቤ ይንጠባጠባል። «አይጧ አምሮባታል» አለ። «እሺ ሞራ እንኳ የለም?»

አዛለች ከጋሪው ላይ ተቀምጣ ነበር። «ሞራ ከፈለጋችሁ ከዓይኔ ግፈፉ» አለች።

ስቀን ስቀን ሳንቀባው ወጣን።

ጋሪው የተጠመደው በአያሌው ሁለት የእርሻ በሮች ነው፣ በቡሬና በዳለቻ። በሬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የተማረው አንድ ትምህርት ነው፤ ትልሙ ሲያልቅ መዞር። የኛ ማሳ ርዝመቱ እስከምን እንደሆነ እናንተ አታውቁም፣ እነሱ ግን በእግራቸው ያውቁታል። ልክ ያን ያህል እንደሄድን ቡሬና ዳለቻ ተያዩና ዞሩ። ወደ ቤት! አያሌው እየጮኸ መለሳቸው። ያን ያህል ሄዱ፣ ዞሩ። ጅራፍ ቢያጮህ፣ ቢለምን፣ በታቦት ቢያስምል፣ ማሳው አልቋል ካሉ አልቋል። በመጨረሻ ዘዴ ተገኘ፤ በየመዞሪያቸው ፈትተን፣ ጥቂት አስግጠን፣ ዛሬ እንደገና እርሻ የጀመርን አስመስለን እንጠምዳቸዋለን። እንዲህ አድርገን አንድ ጧት የሚፈጀውን መንገድ እንደ ስምንት ማሳ አርሰን ሄድነው። አዛለች በየመዞሪያው «ደረስን?» ትላለች። «የምታዪው የራሳችን ዛፍ ነው» ይላታል አያሌው። «አላየሁትም፣ ሸተተኝ እንጂ» ትለዋለች።

የመጀመሪያው መንደር ስንደርስ ከበሮዬን አነሳሁ። ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ በወንፊት ተጣልተው ከጥምቀት ወዲህ ያልተነጋገሩ። ባንድ ላይ አቆምኋቸውና አወጣሁ፤ ተቀበሉ። እያጨበጨቡ፣ ትከሻ ለትከሻ! እንባዬ መጣ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንደኛዋ «የኔ ድምፅ ነው ያሳመረው» አለች፣ ሌላዋ «ያንቺማ እንደ ወንፊቴ ተበሳስቷል» አለች፣ አዲስ ጠብ ተጀመረ። እኔ ግን የቆጠርሁት መታረቃቸውን ነው፤ የጥጋብ ዓይን የወደደውን ነው የሚያይ። ከዚያ መንደር ጥቂት ሰው ተከተለን፣ ከሚቀጥለው ጥቂት። ገመገሙ ጫፍ ስንደርስ ሃያ ያህል ሰው አለ። ግን ከበሬዎቹ ጋር ሲሄድ ሲመለስ የዋለ፣ የራበው፣ ጉሮሮው የደረቀ ሃያ ሰው። አንድም ትንፍሽ የሚል የለም። ሁሉም ነጠላውን ከፀሐይ ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ከጋሪው ኋላ ይጎተታል።

አሁን ከማዶ ሆናችሁ እዩን እስቲ። አንድ ጋሪ ይመጣል። በዚያ አገር ጋሪ ታይቶ አይታወቅም። ጋሪው ላይ ነጭ የለበሰች አሮጊት ተቀምጣ ትወዛወዛለች። አጠገቧ አንድ ረጅም ነገር ተጋድሞ ጋቢ ተሸፍኗል፤ ከበሮዬ ነው፣ ፀሐይ ቆዳውን እንዳይሰነጥቀው ሸፍኜው፣ ስንቃችንም በዚያው በኩል ተዘርግቷል። ከኋላ ሃያ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ቅቤ ያልቀመሰ ዘንግ፣ ቁልቁለቱን ሲጀምር «ዋይ... ዋዋይ... ዋይ» ብሎ አለቀሰ። በሕይወቴ ስንት አልቃሽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አንጀት የሚበላ ግን አልሰማሁም።

የደመላሽ መንደር ወጣ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ደረቱን እየመታ፣ «ወየው! ወየው!» እያለ ዳገቱን ወደኛ መጣ። እኔ መጀመሪያ «እነሱ ዘንድ ሰው ሞቷል» ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ። ከኋላዬ ያሉት ሃያዎቹም እኔን ሰምተው አለቀሱ። ሁለት መንደር እየተላቀሰ ተገናኘ፤ ማን እንደሞተ ግን የሚያውቅ የለም።

ከፊት ደመላሽ ነበር። አዛለችን አየ። የተሸፈነውን አየ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ፣ ልጆቼ፣ ያን ነገር እስክሞት አልረሳውም፣ ሽመሉን ጣለ። ጋሪው ላይ ተንጠልጥሎ አዛለችን በሁለት እጁ አንገቷን አቀፈና እንደ ልጅ አለቀሰ።

«እናቴ!» አላት። «እኔ አልነካሁትም! በወንድሜ አጥንት፣ እኔ አልነካሁትም! ልጅሽንስ ማን ገደለብሽ?»

ሙላት የሞተ መስሎታላ! ጠላቱ ሞቶ፣ አስከሬኑ በደጁ ሲያልፍ፣ ደስ ሊለው ሲገባ አለቀሰ። አዛለች ፊቱን በእጇ ዳበሰችው። «ማን ነህ?» አለችው። «ደመላሽ ነኝ።» እሷም አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ።

አያሌው፣ የኔው አባ ጋሪ፣ ግራ ገብቶት ጋቢውን ገለጠ።

ከበሮ።

ለጥቂት ጊዜ ሰው ሁሉ ከበሮውን አየ። ከዚያ ደመላሽ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ሳቀ። ከሆዱ! ገመገሙ ሁሉ ሳቀ። «ከበሮ አስለቀሳችሁን!» ይላሉ፤ እንጀራቸውን አወጡ፣ ጠላ መጣ፣ ሰው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ደመላሽ ከአዛለች ጎን ተቀመጠ፣ እጇን አልለቀቀም። አጎንብሶ ሣር እየነጨ ነበር። እኔ ቅርብ ስለነበርሁ አፉ ሲላወስ አየሁት። «እናቴ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ ሰኔ ድረስ...»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ንገሩኝ! ጠላዬን ብጠጣ፣ ጠጉሬን ባክክ፣ ብተኛ!

እኔ ግን «ጊዜው አሁን ነው!» አልሁ። ሰው ተሰብስቧል፣ ልብ ርሷል፣ ሦስት ሌሊት የገጠምሁት ግጥም ደረቴ ውስጥ ይዘላል። ግጥሙ ሲጀመር ጥሩ ነበር፤ «ይቅር ለእግዜር» የሚል ነበረበት። ግን ስሞክረው «ለእግዜር» ከጭብጨባው እየተረፈ አስቸገረኝ። ሰው እጁን አጨብጭቦ ጨርሶ እግዜር ብቻውን ይቀራል። ታዲያ ቆረጥሁት። እግዜርን ቆርጬ ግጥሜን አስተካከልሁ። ከበሮውን አንጠልጥዬ ተነሳሁና አወጣሁ፦

ይብቃን የሰው ለቅሶ፣ ደስ ይበለው አገር፤
ደመላሽም ይምጣ፣ የፈንታ ደም ይቅር።

ሰውም ተቀበለ። መቀበል ብቻ? ለመቀበል ነዋ ቀኑን ሙሉ የተጎተተ! ሃያው ሰው ሆዱ ሞልቶ፣ ጉሮሮው ርሶ፣ እያጨበጨበ፣ «የፈንታ ደም ይቅር! የፈንታ ደም ይቅር!» አለ። የደመላሽ መንደር ልጃገረዶችም ዜማው ጥሟቸው ገቡበት። ሲደጋገም ደግሞ ጭብጨባው ቃሉን በላውና «ደም ቀር! ደም ቀር!» ሆነ። ገመገሙም እየተቀበለ መለሰው፦ ቀር... ቀር...

እኔ ያልሁት ይቅር ይባባሉ ነው። የተሰማው ግን ሌላ ነው። በኛ አገር የሰው ደም ቀረ ማለት ወንድሙ ሴት ሆነ፣ ሽመሉን ለልቃቂት ለወጠው ማለት ነው። ይህን ለሰው በጆሮው ሹክ ቢሉት እንኳ ቢላ ያስመዝዛል፤ እኔ በከበሮ፣ በሁለት መንደር ተቀባይ፣ በገዛ ደጁ ዘፈንሁለት። ስሙን ጨምሬ!

ደመላሽ የአዛለችን እጅ ለቀቀ። ቀስ ብሎ ነው የለቀቀው፣ እንደሚሰበር ዕቃ። ተነሳ። ሽመሉን ከጣለበት ሣር ላይ አነሳ።

«ማን ነው የወንድሜን ደም የሚያስቀረው?» አለ። «አንቺ ነሽ?»

ከበሮው እጄ ላይ ነበር፤ እንዴት አይደለሁም ልበል? «ኧረ እኔ... አያ ደመላሽ፣ እኔ ለሰላም...»

«ለሰላም!» አለ። ወደ መንደሩ ሰው ዞረ። «ግቡ!» አላቸው። ገቡ። ጠላቸውን እንኳ ይዘው ገቡ። አዛለች እጇን እንደዘረጋች ቀረች። «ሄደ?» አለች። «ምን አለ? ከመዝፈንሽ በፊት አንድ ነገር ሊለኝ ነበር እኮ። ምን ሊለኝ ነበር?»

ከበሮውን በጋቢው መልሼ ሸፈንሁት።

ስንመለስ በሬዎቹ አንድም ጊዜ አልዞሩም። ወደ ቤት ሲሆን ማሳ አያልቅባቸውም። መሃል መንገድ ላይ ትልቁ እግር ተሰነጠቀና አዛለችን አያሌው አዝሏት ገባ፤ እኔ ከበሮውን፣ ሌላ ማንም አልተሸከመልኝም።

አባ ገብሬ በማግስቱ መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ዘምሩ አልሁ እንጂ ዝፈኑ መቼ አልሁ?» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ ልዩነቱን በምን ላውቅ? የተማርሁ ነኝ?»

«እሺ እሱን ተይው። ይቅር ለእግዜር ብሎ ነገር ሌላ፣ ይቅር ብሎ ነገር ሌላ። ያንንስ ቢሆን የሚለው የተበደለው ነው። በሰው አፍ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ከጭብጨባው ተረፈኝ አባ» አልኋቸው። እሳቸውም ወደ ሰማይ አዩ፤ ለኔ ይቅርታ እየለመኑ ይሁን ሳቃቸውን እየዋጡ አላወቅሁም።

የሰኔ ሚካኤል መጣ፣ ሄደ። ደመላሽ ልቡን አልጠየቀም፤ ልቡን ቆልፎት ነበር። አባ ገብሬ እንደገና ከስር ጀመሩ፣ ገመገሙን ሲወጡ ሲወርዱ። ሦስት ዓመት ፈጀ። ጋሪው ፈረሰ፤ አንዱ እግሩ የጎተራዬ መክደኛ ነው፣ በከፈትሁት ቁጥር ሲጥ ይልብኛል፣ ሆን ብሎ ነው። እኔም ሦስት ዓመት ሰርግ ላይ ተቀባይ ሆኜ ከኋላ ቆምሁ። ይህ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ዘፈን አውጪ የሆነ ብቻ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ዓመት ሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ በቤተክርስቲያኑ ደጅ፣ ያለ ከበሮ ያለ ጭብጨባ፣ ደመላሽ ተነስቶ «ይቅር ለእግዜር» አለ። ሙሉውን አለው። ሙላትም በሳምንቱ ከቆላ ወጣ።

ቤት ሲገባ እዚያው ነበርሁ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ። ልጅ ሆኖ የሄደ ሰው ሽበት ጣል አድርጎ መጣ። እናቱ እግር ላይ ወደቀ። አዛለች ዓይኗ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ በብርሃን አትለይም። አንስታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ እንደ ገበያ እህል እፍኝ በእፍኝ ዳበሰችው። ጢሙ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይኼ ምንድነው?» አለች።

«ጢም ነው እማ።»

«ያንተ?»

«የኔ።»

«ምን ዓይነት ነው? ጥቁር ነው?»

ሙላት እኔን አየኝ። እኔም ለአንዴ አፌን ዘጋሁ። «ጥቁር ነው» አላት።

እኔ ማዕዘኑ ላይ ተጠግቼ አለቅስ ነበር። ቀስ ብዬ መሰለኝ፤ ለካ አዛለች ትሰማኛለች። ከልጇ ፊት ላይ እጇን ሳታነሳ ፊቷን ወደኔ መለሰችው።

«እዚያ የምትጮኺው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «ጋሪውማ አስታርቆን ነበር እኮ። ዝም ያላልሽው አንቺ ነሽ።»